ስፌት እየሰፋሁ ነው የምጸልየው፤ ጥፋት ነው?

አለላ | ሀዋሳ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁልጊዜ አንብቤ የምወጣ ነኝ። ዛሬ ግን ሆዴ ሞልቷልና ልጻፍ።

እናቴን ከቀበርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ጸሎት እምቢ አለኝ። ተንበርክኬ አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ፣ እዘምራለሁ፣ ሰው ሲያለቅስ አለቅሳለሁ። የማለቅሰው ግን ለእናቴ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እናቴ ወሎ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ሀዋሳ መጥታ እዚሁ ያረጀች የገብርኤል ወዳጅ ነበረች። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ቤታችን መርገጫ አይገኝም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጴንጤ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ያህል አንድ ቤት እየኖርን በወጉ አልተነጋገርንም። «እንጀራው ተጋግሯል፣ ብዪ» ብቻ። በኋላ ታርቀናል። ስለ እምነት ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለን ሳናወራ ሄደች።

ዕቃዋን ሳነሳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ በፌስታል የተጠቀለለ መሶብ አገኘሁ። ታችኛው አልቋል። ክዳኑ ግማሽ ላይ ቆሟል። ወስፌዋ የመጨረሻው ዙር ላይ እንደተሰካች ነው፣ ቡና ልታወርድ ብድግ ያለች ይመስል።

ስፌት አልችልም ነበር። ልጅ ሆኜ ላስተምርሽ ስትለኝ እደበቅ ነበር። አንዲት የጎረቤት እናት ለምኜ አሳዩኝ። ስንደዶው፣ የስፌቱ ሣር ማለቴ ነው፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ይነከራል፤ ካልራሰ ይሰበራል። አክርማው መሃል ይገባል፣ ስንደዶው ወይም አለላው (ቀለም የተነከረው) በላዩ ይጠመጠማል። በወስፌ ያለፈውን ዙር ትበሺያለሽ፣ በቀዳዳው አሾልከሽ ትስቢያለሽ። በቃ ይኸው ነው። ደግሞ ይኸው ነው። ደግሞ ይኸው። አንድ ዙር እስኪያልቅ ጣቴ ይደነዝዛል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ እወርዳለሁ፣ ሰዉ ሳይመጣ። አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ እሰፋለሁ። አንዳንድ ቀን ጭጋጉ ስላልተነሳ የዓሣ አጥማጆቹ መቅዘፊያ ይሰማል፣ ጀልባው አይታይም።

በሦስተኛው ሳምንት ሐረጉ፣ የቀለም ጌጡ ላይ ተሳሳትኩ። ቀዩን አለላ አንድ ስፌት ቀድሜ ጀምሬው ኖሯል። ያየሁት ሦስት ዙር ከሄድኩ በኋላ ነው። የደረቀ ስንደዶ ሲፈታ ይሰባበራል፣ ስለዚህ መፍታት ማለት መጣልም ነው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ልፈታ ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ደነገጥኩ። በዓመት ውስጥ ከልቤ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ማጉረምረም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለእሱ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሰፋሁ እጸልያለሁ። ስፌቱን ሳስቀምጥ አሁንም ብዙም አይመጣልኝ። ይህን ለአንድ አገልጋይ ነገርኩት። «እህቴ፣ ጌታ የሚገኘው በጉባኤ ነው፤ ሳርና ሐይቅ የሚሰጥሽ ስሜት ነው» አለኝና ዕብራውያን 10፡25ን ጠቀሰልኝ። መሰብሰቡን አልተውኩም እኮ! ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡02

ጥፋት ከሆነማ ባስልኤል ቀድሞ ይከሰስ ሃሃሃ።

ዘጸአት 31ን አንብቢው። እግዚአብሔር መንፈሴን ሞላሁበት ያለው ሰባኪ አይደለም። ወርቅ የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው ነው። ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ ለማደሪያው ድንኳን ሰማያዊና ሐምራዊ ፈትል የፈተሉ ሴቶች አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መጀመሪያ መንፈስ የሞላበት ሰው ባለእጅ ነው። ለአገልጋዩ ይህን ንገሪልኝ።

---

ቀጥታ መስመር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡10

ዮሴፍን ረሳኸው። ዘፍጥረት 41፡38 የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ሰው ይለዋል።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡13

እሱ የፈርዖን አፍ ነው እንጂ የእግዚአብሔር አይደለም። ፈርዖንን ምስክር ከጠራህ እኔ ምን እላለሁ።

---

የቁም ጸሐፊው ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40

ልጄ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር። በእናንተ በኩል ስላለው ሥርዓት አልገባም። በእኛ በኩል ያለውን ላውራሽ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ እንለዋለን። 40 ቀን። ክረምቱ ወጥቶ ምድር አበባ የለበሰችበት ጊዜ ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰበውም ያኔ ነው። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ አበባ፣ አበባ ይላል። አበባውና ስደቱ፣ ደስታውና ኀዘኑ አንድ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ያለውን አይቶ ማመስገን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አባቴ ብራና ጸሐፊ ነበር። የፍየሉ ቆዳ ከእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ ነው ልጅነቴ ያለፈው። አንድ ቆዳ ለመፋቅ የሚፈጀው ላብ ለጉድ ነው፤ ሽታውንም አልነግርሽም። ከዚያ መስመሩን ለማስመር ጠርዙን የሚበሳው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በወስፌ። ይህችው የእናትሽ ወስፌ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ነው የሚያዘጋጀው። የጌታንና የእመቤታችንን ስም ሲደርስ ብዕሩን ይቀይራል፣ ቀዩን ያነሳል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ልጅ አይጮህም።

አባቴ በቃል ሲጸልይ ብዙም አይቼው አላውቅም። ሲፍቅ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ሐረጉን ስትቆጥር እንዴት ነበር የምትቆጥረው? የድሮ እናቶች «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ የሚቆጥሩ ነበሩ። 41 ጊዜ። ከአንዱ ሐረግ እስከ ሌላው ያለውን ስፌት እስቲ ቁጠሪው።

---

ቀጥታ መስመር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

ሁሉም «ጎሽ» እያለ ነውና አንድ ሰው እንኳ ተቃራኒውን ይበል። እህቴ፣ አትቀየሚኝ።

እዚሁ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ነው ያደግኩት። ጠዋት ጠዋት ለጸሎት የሚወጡትን አውቃቸዋለሁ፣ እኔም እወጣ ነበር። ላይ ሆነህ ከተማውን ከነሐይቁ ስታይ የሆነ ነገር ይነካሃል። እውነት ነው። ግን ለስፖርት የወጣውንም፣ በምንም የማያምነውንም ያው ይነካዋል። ታዲያ እምነቱ የቱ ጋ ነው?

ጴጥሮስን አስቡት። ተራራ ላይ የኢየሱስን ክብር አየና ሦስት ዳስ እንሥራ አለ። እዚሁ እንቅር ማለቱ ነው። ዳሱ አልተሠራም። ወረዱ። ታች ሲደርሱ የሚጠብቃቸው የታመመ ልጅ የያዘ አባት ነበር። የኔ ፍርሃት እሱ ነው። ሐይቁም ስፌቱም ዳስ እንዳይሆንብሽ። አንቺ ስትሰፊ የሚመጣልሽ እግዚአብሔር፣ ሳትሰፊ የሚጠፋ ከሆነ፣ እግዚአብሔር ነው ወይስ ዕረፍት?

---

የቁም ጸሐፊው ልጅ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጥያቄህ ጥሩ ነው ወንድሜ። ለነገሩ ወንጌሉ ጴጥሮስ የወጣበትን ተራራ ስም አይጠራም፤ ታቦር ያለው ትውፊት ነው። ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር በዓል ሙልሙል ሲታደል ግን ማንም ይህን አይጠይቅም።

---

አሞራ ገደል | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30

እኔ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ስብከት አልችልም። ያየሁትን ልናገር።

ሰዎች ሐይቁን ለፎቶ ነው የሚያውቁት። እኛ በመረብ ነው የምናውቀው። አባቴ ቆሮሶና አምባዛ አውጥቶ ከሸጠ በኋላ የቀኑ ሥራ አላለቀም። መረቡ ይዘረጋል። የተቀደደው ይፈለጋል። አምባዛ ከገባበት ጉድ ነው፣ በጣጥሶት ይወጣል። እየቋጠረ ይጠግነዋል፣ ማታም በእጅ ባትሪ ሳይቀር። ያዕቆብና ዮሐንስ ሲጠሩ መረብ እያበጁ ነበር፤ ማርቆስ 1፡19። አባቴ ይህን ጥቅስ ከሁሉ ይወደዋል። «ዓሣ ሞልቶላቸው ሲጨፍሩ አልጠራቸውም፤ ቁጭ ብለው ሲጠግኑ ነው የጠራቸው» ይላል።

ወንድሜ ቀጥታ መስመር፣ ሐይቁ ሁሉ ውብ መስሎህ ነው? አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ አንድ ጠዋት ና። ሆድ ዕቃው፣ ቅርፊቱ፣ ዝንቡ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ሽማግሌ መስለው ተኮፍሰው ይቆማሉ። መላጣ ናቸው፣ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል፣ መልካቸው ያስደነግጣል። ቱሪስት ሁሉ ስለ ጉሬዛዋና ስለ ዓሣ አዳኟ ወፍ ነው የሚያወራ። አባ ኮዳ ግን ያንን ሁሉ ቆሻሻ ባይለቅም እዚያ ሰው አይቆምም ነበር። ራሱ ላይ ላባ የሌለው ጥንብ ውስጥ ሲገባ እንዳይቆሽሽበት ነው ይባላል። እኔን ፈጣሪን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው። ለውበት ብቻ ቢሆንማ እሱን ምን ሊያደርግ ፈጠረው?

አለላ፣ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ የሰማሽው መቅዘፊያ የኛ ሊሆን ይችላል።

---

አወያይ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡41

እዚህ መሃል የሶፋ ማስታወቂያ የለጠፈው ሰው ጽሑፉ ተነስቷል። በጨዋታው ቀጥሉ።

---

ኪሮሽ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔ ዳንቴል የምሠራ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ስብከት ላይ ኪሮሼን አውጥቼ ስሠራ አንዲት እናት በዓይናቸው ገደሉኝ። ስብከቱን ግን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ እጄ ባዶ ሲሆን ግን ሐሳቤ ከሹሮው ጋር ነው። ዶርቃ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው እንጂ ስንት ሰዓት እንደጸለየች አልነገሩትም። ልጆቹን ላስተኛ፣ ቻው።

---

ገል | እሁድ፣ ከቀኑ 8፡15

ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። የጥቁር ውሃ ልጅ «ባለእጅ» አልክ። በደግ እንዳልከው ገብቶኛል። ይህች ቃል በኛ ቤት ግን ስድብ ነበረች።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሲዳማ ውስጥ ሸክላ ሠሪዎቹ ሀዲቾ ይባላሉ። በድሮው ጊዜ ጋብቻ የለም፣ ማዕድ መቋደስ የለም። ሌላውም የአገራችን ክፍል ቢሆን ያው ነው፤ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ነው የኖረው። አያቴ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ስሙን አልጠራም። የእሷ ጀበና፣ የእሷ ምጣድ እዚያ ይገባል። እሷ የምትቀመጠው በር አጠገብ ነው። ሰው አዝዟት ሳይሆን ለምዳው።

አሠራሯን ልንገራችሁ። አፈሩን ከቆፈረች በኋላ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። ከዚያ የተሰበረ የድሮ ገል ፈጭታ ትቀላቅልበታለች። አፈር ብቻውን ሲሆን እሳት ላይ ይሰነጠቃል፤ የተሰበረው ገል ከገባበት ይችላል። ማሽከርከሪያ የላትም። ራሷ ነች በዕቃው ዙሪያ የምትዞረው፣ ጎንበስ ብላ። ልጅ ሆኜ ስከተላት ያዞረኝ ነበር። ጠማማ ከወጣ አትቆጣም፣ ጨፍልቃ እንደገና ትጀምራለች። ከተቃጠለ በኋላ ከተሰነጠቀ ግን ዝም ትላለች፣ ያን ቀን ሰው አያናግራትም። በማግስቱ ስብርባሪውን ለቅማ ለሚቀጥለው ታስቀምጠዋለች።

ኤርምያስ 18ን በሬዲዮ ሰማች፤ ነቢዩ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ውረድ የተባለበትን። ማንበብ አትችልም። አስደገመችኝ። ከዚያ በሲዳምኛ ምን አለች መሰላችሁ፤ «ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ገባ? ቁጭ አለ?» የገረማት እሱ ነው። ነቢይ ቤቷ ገብቶ መቀመጡ።

ስለዚህ አገልጋዩ «ጌታ የሚገኘው በጉባኤ ነው» ሲል፣ እኔ አያቴ የተቀመጠችበት በር ነው ትዝ የሚለኝ።

---

የጥቁር ውሃ ልጅ | እሁድ፣ ከቀኑ 8፡32

ይቅርታ እህቴ። ቃሉን ሳላስብ ነው የጻፍኩት።

---

ገል | እሁድ፣ ከቀኑ 8፡36

አይ፣ አትሰርዘው። መንፈስ ከሞላበት ሰው ጋር በአንድ መስመር ተጽፎ ሳየው ደስ ብሎኛል።

---

ቀጥታ መስመር | እሁድ፣ ከምሽቱ 12፡50

ገል የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉባኤው ሰው በር ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ የኔ ክርክር እግር የለውም። ይህን አምናለሁ።

ግን አሁንም አንድ ነገር አለኝ። የአሞራ ገደል አባት መረቡን እየጠገነ ነው፣ የገል አያት የሰው ምጣድ ትሠራለች፣ ዶርቃ ለመበለት ትሰፋለች። ሁሉም ለሰው ነው። እህታችን ዋርካ ሥር ብቻዋን የምትሰፋው መሶብ ለማን ነው? ይህን ስጠይቅ እየነቀፍኩ አይደለም።

---

አለላ | ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡00

ይህን ሁሉ ሰው አልጠበቅኩም። አንድ በአንድ አልመልስም፣ አለቅሳለሁ።

ጋሼ የቁም ጸሐፊው ልጅ፣ ትናንት ማታ መሶቡን አልጋዬ ላይ አውጥቼ ቆጠርኩልዎት። ከአንዱ ሐረግ እስከ ሌላው 38 ነው። እንደገና ቆጠርኩ፣ 38። ሌላኛው ጎን 40። ወይ እናቴ እግዚኦታውን ትዘላለች፣ ወይ ጭራሽ ስለ ጎረቤት ሐሜት እያሰበች ነበር የምትቆጥረው። ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሌሊት ላይ ከት ብዬ ሳቅኩ። ከሞተች ወዲህ በእሷ ነገር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ታችኛው ወገብ ላይ አንድ ቦታ ሐረጉ አንድ ስፌት ቀድሞ ይጀምራል። የኔው ዓይነት ስህተት። እሷ አልፈታችውም። በሚቀጥለው ዙር ትንሽ አስፍታ፣ በሚቀጥለው ትንሽ አጥብባ አቃንታዋለች። ካልፈለጉት አይታይም። ማን ይሙት፣ እኔ ሦስት ዙር ስፈታ እዚያው አጠገቤ መልሱ ነበር።

ቀጥታ መስመር፣ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሳኝ። ለማን ነው? እውነቱን ልንገርህ፣ ለእሷ ነው። የሞተ ሰው መሶብ አያወጣም፣ አውቃለሁ። ሁለቱን ዓመት ልመልስላት አልችልም። «ላስተምርሽ» ስትለኝ የተደበቅኩበትን ቀን አልመልስም። እጄ የእሷን ቀዳዳ ተከትሎ ሲገባ ግን አጠገቧ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፤ ያኔ ነው ከጌታ ጋር መነጋገር የሚመጣልኝ። ዳስ ሊሆን ይችላል። አላውቅም። ገና አልወረድኩም።

እና ለአገልጋዩም ፍትሕ ላድርግ። ትናንት ከአምልኮ በኋላ ጠራኝ። መክሮኝ ሊሄድ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እናቴም ትሰፋ ነበር፤ ሌማቷ አሁንም ቤቴ አለ» አለና ሌላ ምንም ሳይጨምር ሄደ።

---

ኪሮሽ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ክዳኑስ? አለቀ?

---

አለላ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡45

ዛሬ ጠዋት አለቀ። ገጠምኩት። አንድ ጣት ያህል ጠበበ፣ አይገባም! እናቴ ላላ አድርጋ ነው የምትስበው፣ እኔ ደግሞ አጥብቄ። የሷ ግማሽና የኔ ግማሽ አልተስማማም። የኔን ልፈታው ነው።

ስንደዶዬም ሊያልቅ ነው፤ ገበያ ላይ ያየሁት ሁሉ አጭር አጭሩ ነው። ቅዳሜ 12 ሰዓት ዋርካው ሥር ነኝ። ረጅም ስንደዶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ገል፣ አንቺ በተለይ ነዪ። መሃል ነው የምትቀመጪው።

---

አሞራ ገደል | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

በጀልባ አልፋለሁ፣ እጅ አውጡልኝ።

---

ቀጥታ መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ስንደዶ የለኝም። ቡና በፔርሙስ ይዤ ልምጣ?